በሩ ወደ ላይኛው መንገድ ይዙር

ሶፋ ሰሪው ጠዋት በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የጸሎት ቤቱን በር ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት መኪና ፊት ለፊት ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላው መመለስ አለበት። እዚያ ማዶ፣ አንድ እግሯ አጥሮ ከሥሯ ድንጋይ የተደረገላት በርጩማ ላይ የጸሎት ቤቱ ዘበኛ ካፖርቱን ደርቦ ይቀመጣል። ሶፋ ሰሪው ብቅ ከማለቱ ዘበኛው አፉን ይከፍታል።

«ስፖንጅ! አለህ ወይስ ልንቀብርህ ነው?»

«አለሁ! አንተን ሳልሸኝ የት እሄዳለሁ?»

«በርጩማዬንስ መቼ ነው የምትሠራልኝ?»

«ነገ።»

«አይ ያንተ ነገ! ያንተ ነገ እኮ አይነጋም!»

ይስቃሉ። ከዚያ አንዱ ወደ ዘበኝነቱ፣ ሌላው ወደ መዶሻው። እንግዲህ ይህን ሰው ላስተዋውቃችሁ ካልኩ፣ ከዚህች የጠዋት ጨዋታ በቀር ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የሚለዋወጠው ቃል አልነበረውም ብል ይበቃኛል። «ስፖንጅ» ያሉት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ የስፖንጅ ብናኝ ከፀጉሩ ላይ ጠፍቶ ስለማያውቅ። ልጆቹ አድገው ሄደዋል፤ ስሙ ቀርቷል።

ሚስቱ ሳለች ቤቱ እንዲህ አልነበረም። እሷ ጨርቁን ትሰፋለች፣ እሱ ስፖንጁን ቆርጦ ይወጥራል፣ ደንበኛ ሲመጣ የምታጫውተው እሷ ናት። እሱ ሚስማሩን በከንፈሩ ይዞ አንድ አንድ እያወጣ የሚመታ ሰው ስለሆነ ዝምታ ከሥራው ጋር የመጣ ልማድ ነበር። «ሚስማርህን ስትጨርስ ታወራኛለህ» እያለች ትስቅበት ነበር። እሷ ስትሞት ሚስማሩን ከአፉ አወጣ፤ የሚያወራው ሰው ግን አጣ። ምን ዋጋ አለው!

ሥራውም ቀዘቀዘ። ሰው አሁን አሮጌ ሶፋ አያስጠግንም፤ ተሠርቶ ያለቀ ይገዛል። የፊተኛው ክፍል ውስጥ «ሠርተህ አቆይልኝ» ብለው ሰጥተውት ሳይመለሱ የቀሩ ሰዎች ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ባለ ክንዱ፣ ባለ መደገፊያው፣ አንዷ ደግሞ ቀይ ከፋይ የለበሰች። ሁሉም ተጠግነዋል፤ የተቀመጠባቸው የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራቸውን ያራግፋል።

ልጁ ሌላ ከተማ ናት። ባል አላት፣ ልጆች አሏት፣ ሥራ አለባት፤ እሑድ ትደውላለች።

«አባዬ፣ በላህ?»

«በላሁ።»

«መድኃኒትህንስ?»

«ወሰድኩ።»

«ሰው ይመጣል? ብቻህን አይደለህም አይደል?»

«ኧረ ቤቱ ሞልቷል!» ይላል። ሞልቷል! እውነቱን ነው፣ በወንበር።

ነገሩ የተነሳው የጸሎት ቤቱ ሰዎች ቤታቸውን እናስፋ ሲሉ ነው። ቤቱ ድሮ ሲሠራ ለጥቂት ሰው ነበር፤ አሁን ግማሹ ምእመን ግቢው ውስጥ ቆሞ ነው የሚጸልየው፤ ዝናብ ሲመጣ በዣንጥላ። ስለዚህ አንድ ፎቅ እንጨምር፣ ወደ ጎንም እንለጥጠው አሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ «ከጎረቤቶቻችሁ ሳትስማሙ ፈቃድ የለም» ብሎ መለሳቸው።

ሰፈሩ ተነሳ። እውነትም የሚያስነሳ ነገር አላጣም። ነርሷ ሌሊት ሆስፒታል አድራ ቀን የምትተኛ ናት፤ የድምፅ ማጉያው ከአልጋዋ ራስጌ የተተከለ ያህል ይጮኽባታል። ባለታክሲው፣ ጸሎት ያለ ዕለት ሰዉ መኪናውን መንገዱ ላይ ስለሚደረድር፣ ታክሲውን ከግቢው ማውጣት አይችልም። ጡረታ የወጣችው መምህርት ደግሞ ፎቁ ሲወጣ መስኮቱ ልብስ የምታሰጣበት ግቢዋን ቁልቁል ሊያይ ነው። «እኛ ጸሎት አልጠላንም» ትላለች መምህርቷ፣ ጣቷን እንደ ጠመኔ ቀስራ፣ «ግን ጸሎቱም ለጎረቤት መጠንቀቅ አለበት!»

ሶፋ ሰሪውስ? እሱ ምንም ቅሬታ አልነበረውም። ይልቁንም ሰው ሲወጣ ሲገባ ማየት ይወዳል። መስኮቱ ሥር ሆኖ ማን አዲስ ጫማ እንዳደረገ፣ የማን ልጅ መራመድ እንደጀመረ ያያል። ድምፅ ማጉያውም ቢሆን ባዶ ቤት ውስጥ ለሚውል ሰው ድምፅ ነው። ይሄን ግን የጠየቀው የለም።

ኮሚቴ ተቋቋመ፤ መሰብሰቢያ ግን ጠፋ። የመምህርቷን ቤት የልጅ ልጆች ሞልተውታል፤ የነርሷ ቤት የእንቅልፍ ቤት ነው፤ ባለታክሲው ያለችው አንዲት ክፍል ናት። አንድ ቀን ሦስቱም መንገድ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ የባለታክሲው ዓይን በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ገባ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ወንበር የማን ነው?»

«የማንም አይደለም» አለ ሶፋ ሰሪው። ከበሩ ገለል አለ። «ግቡ! ምን መንገድ ላይ ያቆማችኋል? ግቡ እንጂ!»

ገቡ። ከስንት ጊዜ በኋላ እነዚያ ወንበሮች ሰው ተቀመጠባቸው። የሶፋ ሰሪው ልብ ቅቤ ጠጣ! ሻይ አፈላ፣ ስኳር መኖሩን ረስቶ ስኳር ፍለጋ ሱቅ ሮጠ፣ ተመልሶ ሲመጣ ሳይሄዱ አገኛቸው። ለዚያች ብቻ አመሰገነ።

ከዚያ ወዲያ በየማክሰኞው ማታ ማታ ይሰበሰቡ ጀመር። እሱም ሥራ አገኘ። መምህርቷ ወገቧን እንደሚያማት ስትነሳ አይቶ የወንበሯን መደገፊያ ፈትቶ ከታች በኩል ወፈር አደረገላት። ባለታክሲው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለሚውል እግሩን መዘርጋት ይወዳል፤ የሱን ወንበር እግሮች ዝቅ አደረገ። ነርሷ ድካም ላይ ስለሆነች ጭንቅላቷን የምታስደግፍበት ሠራላት፤ አንድ ማክሰኞ ክርክሩ መሃል ቀይዋ ከፋይ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሶፋ ሰሪው ሌሎቹን «እሽሽ» አላቸው። ሰው እቤቱ ውስጥ ተኝቶ ሲተነፍስ መስማት እንዴት እንደሚያጽናና ረስቶት ኖሯል።

ዘበኛው ይሄን ሁሉ ከማዶ ያያል።

«ስፖንጅ! ትልቅ ሰው ሆንክ አሉ! ኮሚቴ!»

«ምን ታደርገዋለህ፣ ሰው ፈለገኝ።»

«በርጩማዬንስ?»

«ነገ አልኩህ እኮ! አሁን ሥራ በዝቶብኛል።»

ሰው ሲፈለግ እንዲህ ይላል።

ታዲያ የጸሎት ቤቱ አስተዳዳሪ ክፉ ሰው አልነበረም። ኮሚቴው ያለውን ሰምቶ ከሰዎቹ ጋር ተመካክሮ መልስ ላከ፤ ድምፅ ማጉያው ከውጭ ተነቅሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በመምህርቷ በኩል ያለው የፎቁ መስኮት ከፍ ብሎ ይሠራል፣ ብርሃን ያስገባል እንጂ ዓይን አያሳልፍም፤ መኪና የሚያስተናብር ሰው ይቆማል፣ ታክሲው መውጫ አያጣም። መልሱን መምህርቷ ማክሰኞ ማታ መነጽሯን አድርጋ አነበበችላቸው።

«እንግዲህ» አለች ስትጨርስ፣ «እነሱም ሰው ናቸው፤ አክብረውናል። የቀረን ያለ አይመስለኝም።»

«እኔ ከተኛሁ ምን እፈልጋለሁ?» አለች ነርሷ።

ባለታክሲው ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። መምህርቷ መነጽሯን ወደ ማኅደሩ መለሰች። ሶፋ ሰሪው የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ማክሰኞ ሊያልቅ ነው። እነዚህ ሰዎች አሁን ከዚህ በር ከወጡ ምን ብለው ይመለሳሉ? ማን «ጋሼ፣ ሻይዎ ግሩም ነው» ይለዋል? ፈራ። ዕድሜውን ሙሉ በስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ድንገት አፉን ከፈተ።

«በሩስ?» አለ።

«የቱ በር?»

«የጸሎት ቤቱ። በሩ እዚህ እስካለ ድረስ መኪናውም ግርግሩም እዚሁ ነው። ቤቱ ሲሰፋ ሰው ይጨምራል። አስተናባሪ ምን ያደርጋል? በሩ... በሩ ወደ ላይኛው መንገድ ይዙር!»

ላይኛው መንገድ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ያለው ሰፊው ነው፤ ቤት የለበትም፣ መኪና እንደልብ ይቆማል። ሶፋ ሰሪው ይህን ሲል በአንድ ነገር እርግጠኛ ነበር፤ እሺ አይሉም። በሩ ከሱ ዕድሜ በላይ እዚያው የኖረ፣ ትልልቅ ሰዎች ሲገቡ በእጃቸው ዳስሰው የሚያልፉት የድንጋይ በር ነው። እንዴት ብለው ይዘጉታል? እንቢ ይላሉ፣ ኮሚቴው ይናደዳል፣ ማክሰኞም ይቀጥላል። ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ሌላ ክፋት የለውም።

ባለታክሲው ጭኑን በጥፊ መታ። «ጉድ እኮ ነው! እንዴት ይሄ ሳይታየን ቀረ?»

«እኚህን ሰው እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሰኘናቸው?» አለች መምህርቷ።

ሶፋ ሰሪው እንደ ልጅ ቀላ። ማታውን የዘበኛው ነገር በሐሳቡ ውል አላለም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። አንዳንዴ ከአፍንጫችን ሥር ያለውን አናይም።

በማግስቱ በሩን ሲከፍት ዘበኛው ቆሞ ጠበቀው። እንደ ወትሮው አልጮኸም።

«ስፖንጅ» አለ ቀስ ብሎ። «በሩ ይነሳ ተብሏል አሉ። ማነው ያለው?»

ሶፋ ሰሪው የበሩን መጋረጃ ጫፍ ማስተካከል ያዘ። «ኮሚቴው ነው።»

«ኮሚቴው።»

«አዎ፣ እነሱ ናቸው። አይሳካም ደግሞ፤ ተወው።»

«እሺ» አለ ዘበኛው። ካፖርቱን ሰበሰበና ወደ ጎን ዞሮ ተቀመጠ። በዚያ ቀን በርጩማዬንስ አላለም። ሶፋ ሰሪው ይህን ልብ ያለው በጣም ከቆየ በኋላ ነው፤ ያኔ ለማክሰኞ ስኳር አለቀ አላለቀ እያሰበ ነበር።

ለጊዜውማ ያሰበው ተሳካለት። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ተከፋፈሉ፣ ነገሩ ተጓተተ፣ ኮሚቴው ጋለ። ከዳር እስከ ዳር ያሉ ጎረቤቶች ሳይቀሩ መምጣት ጀመሩ፤ ወንበር አልበቃ ብሎ የራሱን የሥራ ሳጥን ገልብጦ የተቀመጠበት ማታ ነበር። እንዲያ ያለ ደስታ! አንድ እሑድ ልጁ ስትደውል፣ «ሰው ይመጣል?» አለችው፤ እሱም «እንዴታ! መቀመጫ ጠፋ እኮ!» ብሎ ከልቡ ሳቀ። ልጁም ለመጀመሪያ ጊዜ አምናው ስልኩን ቶሎ ዘጋች።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ አስተዳዳሪው ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ይፈቀዳል?» ሲል ሁሉም ተነሱ። ሶፋ ሰሪው ወንበር ሳበለት፤ አልተቀመጠም።

«ብዙ አልቆይም» አለ አስተዳዳሪው። «በሩን መዝጋት ለኛ ቀላል አይደለም። አባቶቻችን የገቡበት ነው። ግን ከጎረቤት ተጣልቶ የሚጸለይ ጸሎት ምን ይሆናል ተባባልን። ያላችሁት ይሁን፤ ወደ ላይኛው መንገድ እናዞረዋለን።»

ባለታክሲው አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ነርሷ ዓይኗ እንባ ሞላ። መምህርቷ አስተዳዳሪውን በሁለት እጇ ጨበጠችው። ሶፋ ሰሪው ብቻ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ቆመ። ሌላ ጥያቄ ፈለገ። ስለ አቧራው ይበል? ስለ አሸዋው? አንድም ነገር አልመጣለት አለ። የሚጠይቀው አልቆበት ነበር።

«ጋሼ፣ ድሉ የእርስዎ ነው!» አለ ባለታክሲው ሲወጣ ትከሻውን ይዞ።

«ማክሰኞ እንግዲህ...» አለ ሶፋ ሰሪው።

«ማክሰኞ? ኧረ ተገላገሉን፣ ጋሼ! ከእንግዲህ አናስቸግርዎትም!»

በየተራ አመስግነው ወጡ። የነርሷ ወንበር ላይ የጭንቅላቷ ቅርጽ ስፖንጁ ላይ ለጊዜው ጎድጉዶ ቆየ፤ ጥሩ ስፖንጅ ስለሆነ ወዲያው ተነሳ። ሶፋ ሰሪው ያልተጠጣውን ሻይ ብቻውን ጠጣና ስኒዎቹን አጠበ።

ግንበኞች መጥተው የድንጋዩን በር በብሎኬት ደፈኑት። ዘበኛውም በርጩማዋን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ድንጋይዋን እዚያው ትቶ፣ በሩን ተከትሎ ወደ ላይኛው መንገድ ሄደ። የሄደ ቀን ሶፋ ሰሪው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዘበኛው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠውና አለፈ። ከዚያ መንገዱ ጭር አለ። ባለታክሲው እንደልቡ ይወጣል፣ ነርሷ ትተኛለች፣ መምህርቷ ልብሷን ታሰጣለች። የሚወጣ የሚገባ ሰው የለም፤ አዲስ ጫማ የለም፤ መራመድ የጀመረ ልጅ የለም። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያልተለሰነ ግንብ ብቻ ቆሟል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው።

መምህርቷን አንዴ ሱቅ አገኛት። «እንዴት ነው ሰላሙ፣ ጋሼ? ተገላገልን እኮ!» አለችው። «ይግቡና ሻይ ይጠጡ» አላት። «ሌላ ቀን፣ ልጆቹ ጠበቁኝ» አለች። ሌላ ቀን እንዴት ያለ ቀን እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ የራሱ «ነገ» ወንድም ነው።

ያን ዕለት ማታውን ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ በርጩማ መሥራት ጀመረ። ጥሩ ጣውላ መረጠ፤ እግሮቹን ለክቶ ቆረጠ፣ አንዱም እንዳያጥር ወለሉ ላይ እያቆመ ፈተሸ። ስፖንጁን ድርብ አደረገው፤ ዘበኛ ብዙ ይቀመጣል። ከቀይዋ ከፋይ ወንበር ጨርቁን ፈትቶ ወጠረበት። ሚስማሩን በከንፈሩ ይዞ ሲመታ፣ የሚያቋርጠው ሰው ስላልነበረ፣ ሥራው ቶሎ አለቀ።

በማግስቱ በርጩማውን ተሸክሞ ዞረ። በቀጥታ ቢሆን ግንቡን አልፎ እዚያው ነው፤ አሁን ግን ሰፈሩን መዞር፣ ዳገቱን መውጣት ግድ ነው። ጉልበቱ ስለሚያመው በየቦታው በርጩማውን አውርዶ ተቀመጠበት። ምቹ ነው። እሱንም ራሱን ገረመው።

ላይኛው መንገድ ላይ አዲስ የብረት በር ቆሟል። ከጎኑ ባለመስታወት የዘበኛ ቤት አለ፤ ውስጡ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ዘበኛው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለ ዘበኛው ብድግ ብሎ። «ምን ፈለጉ?»

ሶፋ ሰሪው ይህን ሲሰማ የተሸከመው ከበደው። «በርጩማህን... ሠራሁት።»

ዘበኛው አየው። ጨርቁን በመዳፉ ዳሰሰው። «ቆንጆ ሥራ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ወንበር ሰጥተውኛል፣ ያውልዎ።»

«አየሁት።»

መንገዱ ላይ ነፋስ ነበር። ሶፋ ሰሪው በርጩማውን እንደያዘ ቆመ። በመጨረሻ፣ «በሩ ይዙር ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ኮሚቴው አይደለም። እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«መስኮትህ ክፍት፣ እኔ ከበሩ ሥር፤ ድምፅህን አጣዋለሁ እንዴ?» አሁን ድምፁ የድሮው ነበር። «ጠዋት የጠየቅኩህ ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ ነው። ኮሚቴው አልከኝ። በሩ ምን አደረገህ? እስቲ ንገረኝ፣ ምን በደለህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

ሶፋ ሰሪው በርጩማውን መሬት ላይ አስቀመጠው። «ነገሩ ካለቀ አይመጡም ብዬ ነው። እሺ የማይሉትን ነገር ልጠይቅ ብዬ... ሰው እንዲመጣልኝ ነው። ቤቴ ሰው እንዲገባ ብዬ ነው።»

ዘበኛው በርጩማውን ቁልቁል አየው። ቁጣው ከፊቱ ላይ ጠፋ፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«እኔስ?» አለ። «እኔ ሰው አልነበርኩም?»

የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። ዘበኛው ሄዶ በሩን ከፈተ፤ የጸሎት ሰዓት ደርሶ ኖሮ መኪናው ተከታትሎ መጣ። እጁን እያወናጨፈ ያስገባል፣ ለዚህ ሰላምታ ይሰጣል፣ ከዚያኛው ጋር ይስቃል። ሶፋ ሰሪው የሚመልሰውን መልስ ይዞ ጠበቀው። መኪናው አላለቀም። በርጩማውን ከዘበኛው ቤት ግድግዳ ሥር አስጠግቶ ዳገቱን ወረደ።

ጠዋት መጋረጃውን ሰበሰበና በሩን ከፈተ። ፊት ለፊቱ ግንቡ አለ፤ ከሥሩ የበርጩማዋ ድንጋይ።

«አለሁ» አለ።

ማንም አልጠየቀውም ነበር።